ኩላሊት፦ የሰውነት ማኬሌሌ

ደም ግፊት ቀን በሐኪም ቤት ይለካል፤ ጨዋታው የሚወሰነው ግን ሌሊት ነው

የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ቪየና፣ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2008። ክሮኤሺያና ቱርክ 90 ደቂቃውን ያለ ግብ ጨርሰው ጭማሪው ሰዓትም ሊያልቅ አንዲት ደቂቃ ቀርታዋለች። የቱርኩ ግብ ጠባቂ ሩሽቱ ያለ ቦታው ሲወጣ ሉካ ሞድሪች ኳሷ ላይ ቀድሞ ደረሰና ወደ መሐል አሻገራት። ተቀይሮ የገባው ኢቫን ክላስኒች በጭንቅላቱ ገጭቶ ከመረቡ አዋሃዳት። አሰልጣኙ ስላቨን ቢሊች ሜዳ ውስጥ ሮጦ ገብቶ ጨፈረ። ኳስ ግን ኳስ ናትና በባከነው ሰዓት ሰሚህ ሼንቱርክ አቻ አደረገ፤ ቱርክም በመለያ ምት 3 ለ 1 አሸንፋ አለፈች።

በዚያ ምሽት ሰዉ ሁሉ ያወራው ስለ ቱርኮቹ ጉድ ነበር። ሌላኛው ጉድ ግን የነበረው ተሸናፊዎቹ ጋ ነው። ያቺን ግብ ያስቆጠረው አጥቂ ሆድ ዕቃ ውስጥ ደም ሲያጣራ ያመሸው ኩላሊት የራሱ አልነበረም። የአባቱ ነው።

ክላስኒች ከክሮኤሺያውያን ወላጆች ሃምቡርግ ተወልዶ ለሴንት ፓውሊ የተጫወተ፣ በ2001 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ቬርደር ብሬመን የተዛወረ አጥቂ ነው። በ2004 ብሬመን ቡንደስሊጋውንና የጀርመንን ዋንጫ አጣምሮ ሲወስድ ከብራዚላዊው አይልተን ጎን ተሰልፎ ተከላካዮችን ያስጨንቅ ነበር። በ2005 መጨረሻ ትርፍ አንጀት ታሞ ሆስፒታል ገባ። ለትርፍ አንጀቱ በተደረገለት ምርመራ ሌላ ነገር ተገኘ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ክፉኛ ተጎድተዋል። በጃንዋሪ 2007 እናቱ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችው፤ ሰውነቱ አልቀበልም አለ። በማርች አባቱ ተራውን ያዘ፤ ይኼኛው ያዘለት። በኖቬምበር ክላስኒች ልዩ መከላከያ ወገቡ ላይ ታጥቆ ወደ ቡንደስሊጋ ሜዳ ተመለሰ። በአውሮፓው ዋንጫም ቱርክ ላይ ከማግባቱ ከአራት ቀን በፊት ክሮኤሺያ ፖላንድን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነበር። በተተከለ ኩላሊት በእንዲህ ያለ ትልቅ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ተጽፎለታል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይተዋል። በየሳምንቱ በሐኪም የሚታይ፣ 90 ደቂቃ የሚሮጥ፣ ከጤነኛም ጤነኛ የሚባል ሰው ኩላሊቱ እስኪደክም ድረስ እንዴት ሳያውቀው ቀረ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው፣ በየሰፈሩ «ደም ብዛት» የሚባለው በሽታ ሰዉን ለምን ሳያስጠነቅቅ እንደሚጥለውም አብሮ ይመልሳል። የክላስኒች ታሪክ የኩላሊት እንጂ የደም ግፊት ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን ኩላሊትና ደም ግፊት በአንድ ማሊያ የሚጫወቱ ናቸው። አንዱ ሲታመም ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

ያልተዘመረለት አማካይ

ሪያል ማድሪድ በ2003 ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲሸጥ ብዙ ሰው ግድ አልሰጠውም ነበር። ግብ አያገባ፣ ማሊያ አያሸጥ፣ ፎቶ ላይ አይታይ። ዚዳን አለ፣ ፊጎ አለ፣ ሮናልዶ አለ፣ ላዩ ላይ ቤካም መጣ። ከዚያ በኋላ ማድሪድ የላሊጋን ዋንጫ ድጋሚ ለማንሳት እስከ 2007 መጠበቅ ነበረበት። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ቆሻሻውን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው ዋጋው የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው።

ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ልብ ዚዳን ነው፤ ሲመታ ይሰማል፣ ሲደነግጥ ይታወቃል፣ ዘፈን ይዘፈንለታል። ከወገብ ከፍ ብለው ከጀርባ በኩል የተቀመጡት ሁለቱ ጭብጥ ጭብጥ የሚያክሉ ኩላሊቶች ግን ማንም አያስታውሳቸውም። ይሁንና ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም አምስት አንድ እጅ ያህሉ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ተባብረው በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ተመርጦና ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል።

ብዙ ሰው ኩላሊትን የሽንት ፋብሪካ አድርጎ ብቻ ያየዋል። ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው። በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ጨው ይቅር፣ ምን ያህል ይውጣ ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ጨው ባለበት ውሃ አለ፤ ውሃ ሲበዛ በደም ሥሮች ውስጥ የሚሄደው ደም ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ዝቅ ያለ ሲመስለው ደግሞ ኩላሊቱ ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። ሬኒን በተራው የደም ሥሮችን የሚያጠብና ጨው እንዲቀር የሚያደርግ ሰንሰለት ያስነሳል። ዛሬ በየፋርማሲው ከሚሸጡት የደም ግፊት ኪኒኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ሰንሰለት በመበጠስ ወይም ኩላሊቱ ጨውን እንዲሸኝ በመርዳት ነው። የሕክምና ተማሪ ሁሉ መጽሐፉን የሚያውቀው አሜሪካዊው አርተር ጋይተን ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር የኖረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደም ግፊት ካለ፣ ኩላሊቱ ጨው የማስወጣት ሥራውን በተለመደው ግፊት መሥራት አቅቶታል ማለት ነው ይል ነበር።

ክርክሩን ያጠናከረው ነገር ለእግር ኳስ አፍቃሪ የሚገባ ነው፤ ዝውውር ነው። በ1970ዎቹ ሉዊስ ዳል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ደም ግፊት ካለባቸው አይጦች ኩላሊት አውጥተው ግፊት በሌለባቸው ላይ ተከሉ። ግፊቱም አብሮ ተዛወረ። ከጤነኛዎቹ ወደ ታማሚዎቹ ሲተክሉ ደግሞ የታማሚዎቹ ግፊት ወረደ። ጉዳቱን ይዞ አዲስ ክለብ እንደሚገባ ተጫዋች ኩላሊትም ግፊቱን ተሸክሞ ይሄዳል። በ1983 ደግሞ በአሜሪካ አላባማ፣ ደም ግፊት ኩላሊታቸውን የጨረሰባቸው ስድስት ሰዎች ታሪክ ታተመ። ግፊት ከሌለባቸው ሰዎች የተወሰደ ኩላሊት ከተተከለላቸው በኋላ፣ ለዓመታት በመድኃኒት አልወርድ ያለው ግፊታቸው ያለ መድኃኒት ልክ ሆነ። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሩን ግን ያሳያል።

ሰዓቱ

ሐኪም ቤት ሄዶ ክንዱን የሚያስለካ ሰው አንድ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ 130 በ80 ወይም 150 በ95። ያ ቁጥር ልክ በ37ኛው ደቂቃ ላይ እንደተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ማን እንዳሸነፈ አይናገርም። የደም ግፊት በቀን ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ያውም በዘፈቀደ ሳይሆን በሰዓት ነው።

ዋናው ሰዓት ያለው አንጎል ውስጥ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቦታ ላይ ነው። በዓይን በኩል የሚገባው ብርሃን ያስተካክለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የራሱ ሰዓት አለው፤ ኩላሊትም፣ የደም ሥሮች ግድግዳም። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር ያሳዩት ሦስት አሜሪካውያን ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በጤነኛ ሰው ላይ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ የማንቂያ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ የደም ሥሮቹ ጠበብ ይላሉ፣ ግፊቱ መውጣት ይጀምራል። ቀኑን ከፍ ብሎ ይውላል፤ ኩላሊቶቹም በዚሁ ሰዓት ሙሉ ጉልበታቸውን ይዘው የተበላውን ጨው ሲሸኙ ይውላሉ። ማታ ሰውየው ሲተኛ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ ልቡ ይረጋጋል፣ ኩላሊቶቹም ሥራ ይቀንሳሉ። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሳይነሳ የሚያድረው ለዚህ ነው። ግፊቱም ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ቀን ላይኛው ቁጥሩ 130 የሆነ ሰው ሌሊት በ104 እና በ117 መካከል መሆን አለበት ማለት ነው። ይህ የዕረፍት ሰዓት ነው። የደም ሥር፣ ልብና ኩላሊት መልበሻ ክፍል ገብተው ውሃ የሚጠጡበት።

ችግሩ ዕረፍት የማይወጡ ሰዎች መኖራቸው ነው። ቀን ሲለኩ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ቁጥር የላቸውም፤ ሌሊት ግን ግፊታቸው አይወርድም። እንዲያውም ሌሊት የሚብስባቸው አሉ። የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር በሽታ ወይም በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። የአንድን ሰው ልብና አንጎል ወደፊት ምን ያህል አደጋ እንደሚጠብቃቸው በመናገር ደግሞ የሌሊቱ ቁጥር ከቀኑ ይበልጣል።

ለምን አይወርድም? እዚህ ላይ ነው ኩላሊቱ ተመልሶ የሚመጣው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በብዛት የሠሩበት ማብራሪያ አለ። የደከመ ኩላሊት፣ ወይም ጨው ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ኩላሊት፣ የቀኑን ጨው በቀን ሸኝቶ መጨረስ አይችልም። በ90 ደቂቃ ያላለቀ ጨዋታ ደግሞ ወደ ጭማሪ ሰዓት ይገባል። የተረፈውን ጨው ለማስወጣት ኩላሊቱ ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰውየው ተኝቶም ግፊቱ እንደ ቀኑ ከፍ እንዳለ ያድራል። ይህን የሚደግፍ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ጨው የሚጎዳቸው የደም ግፊት ሕመምተኞች ጨው ሲቀነስላቸው የጠፋው የሌሊት መውረድ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ጊዜ ሕመምተኛው የሚያየው ምልክት አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ቀደም ሳይነሳ ያድር የነበረ ሰው በሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ለሽንት መነሳት። ሰዉ ይህን በዕድሜ፣ በብርድ ወይም በቢራ ያመካኛል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ አንዳንዴ ግን ኩላሊቱ ጭማሪ ሰዓት እየተጫወተ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የታወቀ ነው። በቀይ ካርድ ሰው የወጣበት ቡድን የቀሩት አሥሩ አብዝተው ይሮጣሉ፤ ለጊዜው ክፍተቱ አይታይም። ሌሊቱን ሙሉ ያላረፈ ግፊት ጥቃቅኖቹን የኩላሊት ማጣሪያዎች አንድ በአንድ ያቃጥላቸዋል። የቀሩት የሞቱትን ሥራ ይሸፍናሉ፤ ሲሸፍኑ ይደክማሉ፤ ሲደክሙ ጨው የማስወጣት አቅም ይቀንሳል፤ ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሪያቲኒን የሚባለው ነገር ደም ውስጥ በግልጽ ከፍ የሚለው ከሥራው ግማሽ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ጡንቻ ያለው ስፖርተኛ ላይ ደግሞ ጤነኛ ሆኖም ክሪያቲኒኑ ከሌላው ሰው ከፍ ሊል ስለሚችል ቁጥሩን ማንበብ ይከብዳል። ለዚህ ነው ቀድሞ የሚናገረው ሽንት የሚሆነው፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ማጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ርካሽ ምርመራ ነው፤ ሰዉ ግን አይጠይቅም።

አንዲ ኮልም የደረሰበት እንዲሁ ሳያስበው ነው። የ1999ኙን የማንቸስተር ዩናይትድ ሦስትዮሽ ዋንጫ ከድዋይት ዮርክ ጋር ተጣምሮ ያመጣው አጥቂ፣ ጫማውን ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ በ2014 ቬትናም ደርሶ ሲመለስ ታመመ። መጀመሪያ የጉዞ ድካም መስሎት ነበር። ሰውነቱ ማበጥ ሲጀምር ምርመራ ተደረገለት፤ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። የያዘው እነዚያን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ጠባሳ የሚያደርግ ሕመም ነው። በ2017 የእህቱ ልጅ አሌክሳንደር ኩላሊቱን ሰጠው። ኮል ከዚያ በኋላ በሕይወት መቆየቱን እያመሰገነ ሌላውን ነገርም ሳይደብቅ ተናገረ፤ መድኃኒቱ፣ ድካሙ፣ የመንፈስ ጭንቀቱ። በሱ ስም የኩላሊት ምርምር የሚረዳ ገንዘብ ይሰበሰባል።

ኪኒኑ

ወደ ክላስኒች ጉዳይ እንመለስና፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ተጫዋቹ ያቀረበው ክስ የደም ምርመራው ላይ የኩላሊት ችግር ምልክት ከዓመታት በፊት ታይቶ ሳለ አልተነገረኝም፣ ይልቁንም ኩላሊት የሚጎዳ የህመም ማስታገሻ ይሰጠኝ ነበር የሚል ነው። የብሬመን ፍርድ ቤት በ2017 100 ሺህ ዩሮ ካሳ ፈረደለት፤ ክርክሩ በይግባኝ ቀጥሎ በ2020 በስምምነት ተዘጋ። በዚህ መሐል የአባቱም ኩላሊት በ2016 ደክሞበት ወደ እጥበት ተመልሶ ነበር፤ በኋላ ሦስተኛ ኩላሊት ተተከለለት።

የማስታገሻው ነገር የክላስኒች ብቻ አይደለም። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰሎቻቸው ሕመምን የሚያስታግሱበት መንገድ፣ ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚያቆየውንም ነገር አብሮ ይዘጋል። ጤነኛና ውሃ የጠጣ ሰው ለጥቂት ቀን ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ላቡ አልቆ ለተጠማ ተጫዋች፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ሌላ ነው፤ ጨውና ውሃ እንዲቀር ያደርጋሉ፣ ግፊቱን ይጨምራሉ፣ የሚወስደውን የግፊት መድኃኒትም ኃይል ያሳጡታል። በፊፋ ሐኪሞች ጥናት መሠረት በ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ከተጫዋቾቹ 39 በመቶው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ማስታገሻ ይወስዱ ነበር። አንዳንዱ ሳይታመም፣ «ምናልባት» ብሎ። የሰፈር ቡድን ተጫዋችም ቅዳሜ ጠዋት ለጉልበቱ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ያንኑ ነው።

ደጋፊው

እስካሁን የተወራው ስለ ሜዳው ውስጥ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ግን በቁጥርም ይበዛል፣ በዕድሜም ይገፋል፣ አይሮጥም። የሙኒክ ተመራማሪዎች የ2006ቱን ዓለም ዋንጫ ሰበብ አድርገው ይህንኑ አጠኑ። በከተማዋና በዙሪያዋ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዙ 4,279 ሰዎችን መዝገብ ተመለከቱ። ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት የሕመምተኛው ብዛት ከሌላው ቀን በ2.66 እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ በወንዶች ላይ ከሦስት እጥፍም አልፏል። ሕመሙ የሚበረክተው ጨዋታው ከተጀመረ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሌማን በካልሲው ወረቀት ይዞ የአርጀንቲናን ፍፁም ቅጣት ምቶች የመለሰበት ያ ሩብ ፍጻሜ ከከባዶቹ ቀናት አንዱ ነበር። ጀርመን አሸንፋም ማለት ነው፤ ልብ ውጤት አይመርጥም።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ሰዓቱ። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ አውሮፓ ክረምት በሆነ ጊዜ እኛ ጋ የሚጀምረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ የሚያልቀው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ። ጭማሪና መለያ ምት ካለ 7 ሰዓት ተኩልም ያልፋል። የደም ሥሮች ሊላሉ፣ ኩላሊት ሊያርፍ፣ ግፊቱ ሊወርድ የሚገባው በዚሁ ሰዓት ነው። ደጋፊው ግን በዲኤስቲቪ ቤት ደማቅ ብርሃን ፊት ተቀምጦ ከዳኛው ጋር ይጣላል። ጥብሱ በሚጥሚጣ ቀርቧል፣ ኦቾሎኒው ጨው ለብሷል፣ ቢራው ቀዝቅዟል። ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ካለ ግፊቱና የልብ ምቱ ቀድሞም ወጥቶ ነው የመጣው። ቤቱ ገብቶ 8 ሰዓት ላይ ይተኛል፤ 12 ሰዓት ላይ ለሥራ ይነሳል። ሌሊት የሚባለው ነገር ለአራት ሰዓት ብቻ ነበር፤ የቀረውን የነጠቀው ያው ቴሌቪዥኑ ነው። ለግፊትም በቀኑ ውስጥ ክፉው ሰዓት ጠዋት ነው፤ የልብና የአንጎል ድንገተኛ ሕመም ከሌላው ሰዓት ይልቅ ጠዋት እንደሚበዛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

ይህ ማለት ኳስ አትዩ ማለት አይደለም፤ ቢባልም የሚሰማ የለም። የሐሙስ ሌሊት አንድ ጨዋታ ማንንም አይገድልም። የሚያስፈራው ግፊቱን የማያውቅ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲያመሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ 1.28 ቢሊዮን ደም ግፊት ያለባቸው ጎልማሶች እንዳሉና ከእነሱ 46 በመቶው እንዳለባቸው እንደማያውቁ ገልጿል። በኢትዮጵያ በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ግፊት ነበረባቸው። ያው ጥናት የአንድ ሰው የቀን የጨው ፍጆታ 8 ግራም አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፤ ድርጅቱ የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። እኛ ጋ ጨው የሚገባው ከጨው ማስቀመጫው ብቻ አይደለም። በርበሬው ተደልዞ ሲፈጭ ጨው አለው፣ ሽሮው አለው፣ ሚጥሚጣው አለው፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ ይጨመራል።

በዚሁ በ2015 ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሮ አገር ውስጥ ኩላሊት መትከል ተችሏል። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ንቅለ ተከላ ለጋሽ ዘመድ ይፈልጋል፣ እስከዚያ ድረስም ሕመምተኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ገደማ እጥበት ላይ ይቀመጣል። የክላስኒችን አባት የመሰለ ሰው ሁሉም ቤት የለም።

የሌሊቱን ቁጥር ማየት የሚፈልግ ሐኪም የሚጠቀምበት መሣሪያ አለ። ክንድ ላይ ታስሮ ለ24 ሰዓት አብሮ የሚውልና የሚያድር፣ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው እያበጠ የሚለካ። በሐኪም ቤት መለኪያ ድንበሩ 140 በ90 ነው፤ በዚህ መሣሪያ ግን የቀኑ አማካይ ከ135 በ85፣ የሌሊቱ ከ120 በ70 ማለፍ የለበትም። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብቻ ግፊቱ የሚወጣበትን ሰው ከእውነተኛው ሕመምተኛ የሚለየውም እሱ ነው።

መድኃኒቱንስ መቼ መዋጥ? ግፊቱ ሌሊት ካስቸገረ ማታ ይዋጥ የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። በ2019 ከስፔን የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ማታ መዋጥ ሕይወት በእጅጉ ያድናል ብሎ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር፤ ውጤቱ ከመጠን በላይ ያማረ ነው ብለው የጠረጠሩትም አልጠፉም። በ2022 ደግሞ ከብሪታንያ የመጣው መልስ ጨዋታውን አቻ አደረገው። ከ21 ሺህ በላይ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ማታ እየዋጡ ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በልብ ድካም፣ በአንጎል ደም መፍሰስም ሆነ በሞት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሐኪሙ ለአንድ ሕመምተኛ የተለየ ምክንያት አይቶ ሰዓት ካልወሰነለት በስተቀር፣ ትክክለኛው ሰዓት ሰውየው የማይረሳበት ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ኪኒኑ ቤት ቀርቶ እሱ ዲኤስቲቪ ቤት የሚያመሽ ከሆነ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር ቢያደርገው ይሻለዋል።